ጆሲ ሲያልፍ

ጆሲ ጠዋት መጀመሪያ ሳሪስ ጋ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቁርሱን በልቶ በጨረሰበት ሰዓት ነው። እናቱ ትርሲት ግን ቀደም ብላ ወጥታ ቦታ ትይዛለች፤ ካልያዘች ብረት አጥሩ ላይ መደገፊያ አታገኝም። የሌሎቹም ቤተሰቦች አሉ። አንዱ ዱካውን ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ዳንቴሏን ትሠራለች፣ ሰፈር ለቅቀው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡት እንኳን ለዚች ብለው ይመላለሳሉ። ማንም አያለቅስም። የሚያለቅሰው አዲስ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ሲቆይ ያፍርና ይተወዋል።

ከዚያ ጆሲ ብቅ ይላል። ከሩቅ በቢጫ ቲሸርቱ ነው የሚለየው። እግሩን አጣጥፎ ቁጭ ብሎ ይመጣል፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቲቪ የሚያይ ነው የሚመስለው። ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይተልቃል፣ ይተልቃል፣ ፊት ለፊት ይደርሳል፣ ከዚያ ደግሞ ያንሳል፣ ያንሳል፣ በቃ። እናቱ በቀርከሃ ጫፍ ፌስታል አንጠልጥላ ትዘረጋለታለች፤ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ።

ቀርከሃው የሚያዘው በሁለት ጣት ነው። ጭብጥ አድርጎ የያዘ ሰው ፌስታሉ ሲሳብ አብሮ ይሳባል። ተስበው የሄዱ አሉ። አንዷ እንደውም ከልጇ ትንሽ ራቅ ብላ አሁን ድረስ ትዞራለች። ሁለቱም እኩል ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ አይደራረሱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው በሙሉ ልስን ነው፤ መንገዱ ሁሉ በሚያንሸራትት ነገር ተለስኗል። ልስን የፈሰሰበት ቦታ ላይ ምንም ነገር ምንም ነገርን አይዝም። ቃሊቲ ላይ ሽንኩርት ሳጥን ውስጥ ይከቱና በአንድ እጅ ገፋ ያደርጉታል፣ በቃ፣ ሳጥኑ ቀለበት መንገድ ገብቶ መገናኛም ቢሉት ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ነዳጅ የለ፣ ጎማ የለ፣ ሹፌር የለ። ሰፈሩ ሲደርስ ከዳር የብረት ክንድ ይወጣና ጎኑ ላይ ያለውን መንጠቆ ይዞ ያስቀረዋል። ሳጥኖቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ነፋሱንም ይዘውት ነው የሚዞሩት፤ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይነፍሳል።

ሰው ግን መንጠቆ የለውም።

ቀለበቱ እንዲቆምላቸው የጠየቁ ነበሩ። መልሱ በትህትና ነው የተሰጣቸው። ቀለበቱ አንድ ቀን ከቆመ ከተማው ምን ይበላል? እውነት ነው፣ ምን ይበላል? ገመድ የወረወረም ነበረ። የሚዞረው ሰውዬ ገመዱን ያዘ፣ ገመዱም ሰውዬውን ያዘ፣ ከዚያ አሽከርክሮ ከግድግዳው ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ለሚሄድ ሰው ገመድ የሚወረውር የለም።

ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚማሩት ሀ ሁን አይደለም። መምህሯ የጨርቅ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ ታንሸራትታለች፣ ልጆቹ ይደረደራሉ፣ አሻንጉሊቷ በፊታቸው ስታልፍ እጅ ወደ ኋላ ነው። የዘረጋ ልጅ ጥግ ይቆማል። የጆሲ ታናሽ እህት ሃሴት ጥግ ቆማ ቆማ ነው የገባት። አሁን እጇ ራሱ ያውቃል። መንገድ ላይ ሰው ሲያዳልጠው ሁሉም እጁን ከኋላው ቆልፎ ያያል። «እኔን!» ብለው እጃቸውን የሚወረውሩት አሮጊቶች ብቻ ናቸው፤ አሮጊቶቹም እያለቁ ነው።

ጆሲን የወሰደው ሰላምታ ነው።

ማትሪክ ያለቀ ቀን ነበር። ሃሴት ከጆሲ በዓመት ብታንስም አብረው ነው የተፈተኑት። ተማሪው ሁሉ ዩኒፎርም ላይ ይፈራረማል፣ ይጯጯሃል፤ ጆሲ ዩኒፎርሙን አውልቆ በቢጫ ቲሸርቱ፣ ጫማውን አጥፍቶ ይንሳፈፋል። ወንዶቹ እንደዛ ነው የሚያደርጉት። ጫማው ሲበራ ሶሉ መሬቱን ይነክሳል፣ እግርን እየነቀሉ መራመድ ነው፣ አሰልቺ። ሲያጠፉት ግን አንዴ ገፋ ብሎ ሰፈር ድረስ። አስተማሪዎቹ ይጮሃሉ፣ የሚሰማቸው የለም።

ከድር ከፊት ለፊት መጣ። ከድር የጆሲ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከክፍሉ በር እኩል የሆነ ልጅ። ሰላምታ አሁን በአንገት ነው፤ በትከሻ የሚሳሳም የለም፣ ለምን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ግን ፈተና አልቋል፣ ደስ ብሏቸዋል፣ ደስታ ደግሞ ያስረሳል።

«አንተ ጀግና! ተገላገልናት!» ብሎ ከድር ትከሻውን ሰጠው። ቀኝ ከቀኝ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ አባቶቻቸው ለቅሶ ቤት እንደሚያደርጉት። የከድር ጫማ በርቷል። የጆሲ ጠፍቷል።

ጆሲ እየሳቀ ነው ወደ ኋላ የሄደው። ሃሴት አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ እጇ ከኋላዋ ነበር። ጆሲ እየሳቀ በተማሪዎቹ መሃል አለፈ፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ኋላ እያደረጉ አሳለፉት፣ እየሳቀ አጥሩ ክፍት የሆነበት ጋ ደረሰ፣ ቁልቁለቱን ሲያገኝ ሳቁ ቆመ። ተረከዙን መታ አድርጎ ጫማውን ሲያበራ ቀለበቱ ውስጥ ገብቷል። ቀለበቱ ላይ ጫማም አይነክስም። ፍጥነቱን ቁልቁለቱ ሰጥቶታል፣ ከዚያ ደግሞ ነፋሱ ተቀበለው።

መጀመሪያ አካባቢ ያን ያህል አልከፋም ነበር። ጆሲ ይጮሃል። በፊታቸው የሚያልፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር በምትበቃ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ወሬው በየዙሩ ይቀጠላል። ጠዋት «ሃሴት! ውጤት ወጣ?» ይላል። ዞሮ ሲመጣ «ገና ነው!» ትለዋለች። በሚቀጥለው «ቻርጀሬን የነካ ወዮለት!» በሚቀጥለው «ነክቼዋለሁ፣ ምን ታመጣለህ!» በሚቀጥለው ደግሞ ስድብ። አንድ ተራ ጥል ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። አንዴ ቀልድ ጀመረላትና መጨረሻውን ለመስማት እስከ ማግስቱ ጠበቀች። ቀልዱ አያስቅም። እሷ ግን አጥሩን ይዛ እስኪያማት ሳቀች፣ እሱ ሳቋን ሳይሰማ አልፏል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹ አጠሩ። «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ከዚያ እጁን ማንሳት ብቻ። ከዚያ አንድ ጠዋት እናቱ የዘረጋችለት ፌስታል ጆሮው ሥር አለፈ፣ እሱ ግን አልወሰደም። ፌስታሉን አየው፣ እናቱን አያት፣ ሃሴትን አያት፣ ከአውቶብስ መስኮት ውጪ የቆመ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ሰው።

«ጠግቦ ይሆናል» አለች ትርሲት።

«እማዬ፣ ከምን ጠግቦ?»

«ሌላ ሰፈር ሰጥተውት ይሆናላ። መገናኛ ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው።» ፌስታሉን ከቀርከሃው ፈትታ ደጋግማ ቋጠረችው።

አጠገባቸው ጋሽ ዋቅጅራ ነበሩ። የእሳቸው ሚስት፣ እትዬ ብርቄ፣ ከጆሲ በፊት ነው የገቡት። ጋሽ ዋቅጅራ ሁልጊዜ ክራቫት አስረው ነው የሚመጡት፣ ሰርግ ቤት እንደተጠራ ሰው።

«እጁን ካልዘረጋ፣ ልጄ» አሉ ለሃሴት ቀስ ብለው፣ ትርሲት እንዳትሰማ፣ «ቀጥሎ ፊቱን ነው የሚያዞረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳጥን ገፋ አድርጎ ወደ መሃል ይገባል። መሃል የገባ ደግሞ ከዚህ አይታይም። ማንም አያወጣውም።»

«እትዬ ብርቄ መሃል ከገቡ ቆዩ እንዴ?»

«ቆየች።»

«እርስዎ ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

ጋሽ ዋቅጅራ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «የት ልሂድ?» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት ጆሲ ጀርባውን ሰጥቷቸው አለፈ።

ሃሴት ከዚያ በኋላ አጥሩ ጋ መቆም አቃታት። ቤት ስትገባ እናቷ በሩ ላይ ያዘቻት። «ወደ አጥሩ ብቻሽን እንዳትጠጊ። ሰምተሻል? አንድ ልጅ ነው የቀረኝ።» ሃሴት ሰምታለች። «የቀረኝ» የምትለዋን ነው የሰማችው። እናቷ ጆሲን መቁጠር ትታለች፣ ሳታውቀው።

ከድር በየቀኑ በራቸው ላይ ይመጣና ሳያንኳኳ ይመለሳል። ትርሲት አይታው እንዳላየች ነው የምታልፈው። ሃሴት ተከትላው ወጣች።

«አንተ! ና እስኪ።»

«ሃሴትዬ፣ እኔ ምን ልበልሽ፣ እኔ...»

«ምንም አትበለኝ። ጆሲ ስንት ኪሎ ነበር?»

«እ?»

«ክብደቱ! ጂም ቤት አብራችሁ አልነበር የምትመዘኑት?»

«ስልሳ ስምንት።»

«አንተስ?»

ከድር ጫማውን አየ።

«ከድር!»

«መቶ አራት። ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከፊት ለፊት ልመጣበት።»

ከድር መጀመሪያ አልገባውም፣ ሲገባው ደግሞ ግድግዳውን ተደገፈ። ሃሴት እንዲህ ነበር ያሰበችው። ገመድ የያዘው ሰው የሞተው በአንዴ ስለቆመ ነው። መንገዱን በሳጥን ብትዘጋበት ደግሞ ከኋላ ያሉት ሳጥኖች ይደርሱበታል። ግን እሱን የሚያህል ነገር፣ እሱ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ከፊት ቢመጣበት፣ መሃላቸው ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ቢኖር፣ የሱ ጉልበት የዚያኛውን በልቶ፣ የዚያኛው የሱን በልቶ፣ ሁለቱም ይቆማሉ። የቆመን ሰው ደግሞ በገመድ መሳብ ምንም አይደለም። ክፍል ውስጥ ሁለት ብይ አጋጭተው አይተውታል። ሰበቃ የሚባለው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ከወጣ ቆይቷል፣ ፈተና ላይም አይመጣም፣ ይሄ ግን አልወጣም።

«እኔ ልሂድ» አለ ከድር። «የገፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልሂድ።»

«አንተ ብትገጨው ይዘኸው ነው የምትሄደው። መቶ አራት ኪሎ!»

«ዝቅ ካለ ቦታ ብነሳስ? ቀስ ብዬ ብመጣ?»

«አንተ ቀስ ብለህ መምጣት ታውቃለህ?»

ከድር ዓይኑ እንባ ሞላ። ሃሴት አዘነች፣ ግን የተናገረችውን አልመለሰችም። «አየህ፣ አንተ ላይ ሥጋ መቀነስ አይቻልም፣ እኔ ላይ ጨው ጭኖ ክብደት መጨመር ይቻላል። እኔ አርባ ዘጠኝ ነኝ። ደግሞ ላይ ሆኖ የሚጎትተን ጉልበተኛ ያስፈልገናል።» ይሄኛው ውሸት ነው። ልስን ላይ የቆመን ነገር ሕፃንም ይጎትተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እጇን ከኋላዋ አድርጋ አንድ ቀን ተጨማሪ መቆም ስላልቻለች ነው።

ሳሪስ ጋ የድሮ መኪና መውጫ አለ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ቀለበቱ የሚወርድ፣ ፊቱ ከነፋሱ ተቃራኒ የሆነ። ማንም አይጠቀምበትም። በማግስቱ እዚያ ሄዱ፣ ከድር ሁለት ቢጫ ጄሪካን ይዞ፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ውሃ የሞላ።

«ጨው ተሸክመሽማ እንደ ድንጋይ ነው የምትወርጂው» አለ ከድር። «ክብደትሽ ልክ ስልሳ ስምንት ይሆናል፣ ፍጥነትሽ ግን ከሱ ይበልጣል።»

«ልቀቃቸው።»

እኩል ለቀቃቸው። ጄሪካኖቹ ቁልቁል ሄዱ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ አንዱን ሳይቀድም፣ ተያይዘው እንደሚወርዱ መንታ ልጆች። ውሃ የሞላው አልቸኮለም። ባዶው አልዘገየም። ከድር አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ይሄንንም ተምሮታል፣ ተፈትኖበታል፣ ግን ሲያዩት ሌላ ነው። ታች ቀለበቱ ጋ ሲደርሱ ነፋሱ አገኛቸው። ባዶውን ወዲያው ገፍቶ መለሰው። የሞላው ግን ነፋሱን እየሰነጠቀ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ቆሞ የተመለሰው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ዟሪ ሆኑ። አጥሩ ጋ የሚቆሙት ሰዎች አሁንም ያዩዋቸዋል፤ የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

ከፍታውንም እዚያው አወቁት። ጆሲ ሲያልፍ ሃሴት ዳር ዳሩን አብራው ሮጣ ታውቃለች፤ ያላትን ሁሉ አውጥታ ስትሮጥ እኩል ይሆናሉ። ሌሎች ጄሪካኖች አምጥተው ከተለያየ ቦታ እየለቀቁ፣ እሷ እየሮጠች፣ እኩል የሆኑበትን ቦታ ከድር በኖራ አሰመረው። ከራሷ ቁመት ዝቅ የሚል ከፍታ ነበር። ያን ያህል ትንሽ ነገር! ሃሴት መስመሩን አይታ ተናደደች። ወንድሟን የወሰደው ይቺን የምታህል፣ የአንድ ሰው ቁመት እንኳን የማትሞላ ቁልቁለት ናት።

እሁድ ጠዋት ሳጥኖቹ ይሳሳሉ። እናቷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሃሴት የጆሲን ፍራሽ ከአልጋው ላይ አንስታ ጠቀለለች፣ ጨውን በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ሞላች፣ ከድር ፍራሹን በሻንጣ ቀበቶ ደረቷ ላይ አሰረላት። ሚዛን ላይ ቆመች። ስልሳ ስምንት።

«ምን ትመስያለሽ መሰለሽ» አለ ከድር ለመቀለድ ብሎ፣ «የቆመ ሳንዱች።»

«ዝም በል። ገመዱን ያዝ።»

«ሃሴት፣ ብትስቺውስ?»

«ከሳትኩት ሁለታችንንም ሰላም ትለናለህ፣ እሱን ጠዋት፣ እኔን ማታ።»

ማናቸውም አልሳቁም። ከድር ዳር ላይ ሄዶ ቆመ፣ ጆሲ ሲቃረብ እጁን እንደሚያነሳ ተነጋግረዋል። ሃሴት መስመሩ ላይ ተቀመጠች። ከታች ሳጥን ያልፋል፣ ሳጥን ያልፋል፣ ከዚያ ክፍት ቦታ። አጥሩ ጋ የሚቆሙት ቤተሰቦች አይተዋታል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልከለከላትም። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

ከድር እጁን አነሳ። ሃሴት ተረከዟን መትታ ጫማዋን አጠፋች።

መውረዱ ምንም አይመስልም። ሆዷ ትንሽ ከፍ አለ፣ በቃ። ከዚያ ቀለበቱ ውስጥ ገባችና ነፋሱ ፊቷን በጥፊ መታት። ጩኸቱ! ዳር ሲቆሙ ቀለበቱ ድምፅ የለውም፤ ውስጡ ግን ነፋስ ከነፋስ ጋር ይጮሃል። ከነፋሱ መሃል፣ ከሁለት ሳጥኖች ጀርባ፣ አንዲት ሴትዮ በጎኗ አለፉ። ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው አንዲት ዘለላ አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ ብርቄ ነበሩ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም፣ ሐዘንም የለም፣ ቤታቸው ሳሎን የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። ሃሴትን አይተው በጣም በዝግታ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ለማይወቅሱት እብድ እንደሚነቀነቀው።

ከዚያ ቢጫው መጣ።

ጆሲ አያት። ሃሴት ስሙን ጠራች፣ ነፋሱ ወሰደባት። ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ጆሲ ግን ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ፣ እንደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ከዚያ አፉ ሲከፈት አየች፣ ምን እንደሚል ከአፉ አነበበችው። «አትምጪ!» ነው የሚለው። «አትምጪ! አትምጪብኝ!»

ዷ!

ፍራሹ ከደረቷ ጋር ተጣበቀ። ጨዉ ከኋላዋ መጥቶ ጀርባዋን ገፋው፣ ትንፋሿ ከውስጧ ተጠርጎ ወጣ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አላየችም። ስታይ የጆሲ ፊት ከፍራሹ በላይ ነበር፣ ከአፍንጫዋ ሥር፣ አንዱ የሌላውን ልብስ ጨብጦ። ከሱ ጀርባ ያለው የአጥር ብረት አይንቀሳቀስም። አንድ ብረት ነው። ያው አንድ ብረት።

ቆመዋል።

«ምንድን ነው?» አለ ጆሲ። በነፋሱ መሃል የሚያወራ መሰላት እንጂ ይጮሃል። «ምንድን ነው የሚነፍሰው? ሃሴት፣ ምንድን ነው የሚነፍሰው?»

«ነፋሱ ነው! ሁሌም የሚነፍሰው ነው!»

«አልነበረም!»

ከድር የወረወረው ገመድ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ሃሴት በጆሲ ብብት ሥር አሳልፋ ከራሷ ጋር ቋጠረችው። ከድር ሲስበው እንደ ፊኛ ነው የመጡለት፣ መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ፣ በሁለት ጣት። የመጀመሪያው ሳጥን እግራቸው ሥር ሲያልፍ ዳር ወጥተዋል። ከድር ጆሲን አቅፎ ያለቅስ ጀመር፣ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ»። ጆሲ አጥሩን ነበር ያቀፈው። የቤተሰቦቹ ሰዎች ክብ ሠርተው ያያሉ። አንድም አላጨበጨበም። ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ሃሴት ጠጋ አሉ።

«አየሻት?»

«አየኋቸው።»

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው» አለች። በኋላ ስታስበው፣ ውሸት እንዳልነበረ ነው ያስፈራት።

ትርሲት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልጇ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እልል አለች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ እግሩን ሳመች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ጎረቤት አባረረች፣ ዶሮ ልታርድ ወጥታ ተመልሳ መጥታ ደግሞ ሳመችው። ከድርን እንኳን ሳመችው። ጆሲ «እማዬ» አላት፣ የሰጠችውን በላ፣ ውሃውን ጠጣ። ሁሉንም በአንድ እጁ። ሌላኛው እጁ የአልጋውን ብረት ይዟል።

ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሃሴት አጠገቡ ተቀመጠች። የእጁ አንጓዎች ነጭ ሆነዋል። ሁለት እግሩንም ወለሉ ላይ ተክሎ ይገፋል፣ ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ውስጥ የተሳፈረ ሰው እንደሚያደርገው።

«ልቀቀው እንጂ ብረቱን። ምን ሆነሃል? ቆመሃል እኮ።»

«አይ» አለ ጆሲ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ቆሜ የነበረው እዛ ነው።»

«እዛማ ስትዞር ነበር። አንተዬ፣ እዚህ ሆነን ስናይህ!»

«እኔም አያችሁ ነበር። እዛ ምንም አይነፍስም፣ ሃሴት። ምንም አይነቃነቅም። ቁጭ ብለሻል፣ ከጎንሽ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑም ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል። ከተማው ነው የሚያልፈው። ቤቱ፣ ፖሉ፣ ሰዉ። እናንተ ብረት ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ እማዬ ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች፣ ትጮሃላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። በቀን ስንቴ። መጀመሪያ አሳዘናችሁኝ። ቁሙ እላችሁ ነበር። አንድም ቀን አልቆማችሁም።»

«ጆሲ...»

«ከዚያ አንቺ መጣሽ። ከሁሉም በላይ እየበረርሽ፣ ፍራሽ ይዘሽ። ቁጭ ባልኩበት ገጨሽኝ፣ ይኸው አሁን ከእናንተ ጋር እየሄድኩ ነው።» አልተቆጣም። እጇን ፈልጎ በነፃው እጁ ያዘው፣ እንደሚያጽናናት። «አንቺስ አያስፈራሽም? እንዴት ነው ሳትይዙ የምትራመዱት? ማን ነው የሚያቆመን?»

ሃሴት መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች። ጥያቄዋ ፈተናው ላይ መጥታ ነበር፤ አንዱ በአንዱ ጎን ቀጥ ብሎ እኩል ሲያልፍ፣ ነፋስም ድምፅም ባይኖር፣ የሚሄደው የትኛው ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «መ»ን አጥቁራ ነው የወጣችው። «መለየት አይቻልም» የምትለዋን። በጣም ቀላል ጥያቄ ብላ ሁለተኛ እንኳን አላየቻትም። ለጆሲ ቀለበት ክብ ነው፣ ክብ የሚዞር ሰው መዞሩ ይታወቀዋል ልትለው ፈለገች፣ ግን ቀለበቱ ሰፊ ነው፣ ቁጭ ያለ ሰው አይታወቀውም፣ መሬትም ክብ ናት።

በመስኮቱ ውጪ የጎረቤት ቤት አለ። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ አለ፣ አይወዛወዝም። ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ አለች። ሁሉም ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል፣ ልክ ጆሲ እንዳለው፣ አብሮ የሚሄድ ነገር ሁሉ እንደሚያደርገው። እናታቸው ከጓዳ እየዘፈነች ትመጣለች፣ በሁለቱም እጇ ትሪ ይዛ፣ ምንም ሳትደገፍ፣ በባዶ እግሯ።

ሃሴት ቀስ ብላ የአልጋውን ሌላኛውን ብረት ያዘች።